በሰው አንደበት የሚናገር ብዕር፦ የወይዘሮ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ሥራ በኂስ ሚዛን

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ወዳጆ በሕዝብ ፊት በቆሙ ቁጥር የሚቀርብላቸው ውዳሴ ብዙ ነው፤ የጥበብ እናት ይባላሉ፣ የስደተኛው አለኝታ ይባላሉ፣ በባዕድ አገር የአገራቸውን ስም ያስጠሩ ይባላሉ፤ ይህ ሁሉ ሐሰት ባይሆንም፣ የሚወደሰው ምግባራቸው እንጂ የብዕራቸው ሙያ ስላልሆነ፣ በምስጋናው ብዛት መካከል ሥራቸው ሳይመረመር መቅረቱን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሰውን አክብሮ ሥራውን አለመመርመር በአገራችን የኂስ ልማድ ሥር የሰደደ ጉድለት ሆኖ ሳለ፣ በእኚህ ሴት ላይ ግን ጉድለቱ ከልክ አልፏል። የዚህ ሐተታ ሐሳብ፣ ተዋናይነታቸው፣ የዘፈን ግጥም ደራሲነታቸውና በስደት የከፈቱት የጥበብ ቤት፣ ሰዎች እንደሚቈጥሩት ሦስት ልዩ ልዩ ሙያዎች ሳይሆኑ፣ ቃልን ለሌላ ሰው አንደበት የማዘጋጀት የአንዱ ሙያ ሦስት ገጾች ናቸው የሚል ነው።

የሕይወታቸው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልቈይበትም። በአዲስ አበባ መድረክ በተዋናይነት አድገው፣ ከትወና ወደ ዝግጅትና ወደ ድርሰት ተሻግረው፣ ለሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር መመሥረት ደክመው፣ በመቶ ለሚቈጠሩ ዘፈኖች ግጥም ከሰጡ በኋላ፣ በደርግ መንግሥት ውድቀት ማግሥት ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 የጣይቱን የባህልና የትምህርት ማዕከል በዋሽንግተን አቋቁመው፣ በ2018 አገራቸውን እንደገና ለማየት በቁ።

እኛ በጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ቃልን ለሌላ አንደበት የማዘጋጀት ሙያ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በባሕር ዳር የአዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ስንኙን ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ ያዜመዋል፤ ቤቱ በሣቅ ሲሞላ የሚመሰገነውና የሚሸለመው አዝማሪው ነው፤ ስንኙን የሰጠው ሰው ግን ወዲያው ይረሳል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶችም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ዓይነ ሥውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የተቀኙት ቅኔ ዘመን የተሻገረው በተማሪዎቻቸው አንደበት ነበር። ስለዚህ ባለ ቃሉ አንድ፣ ባለ ድምፁ ሌላ መሆኑ ለአገራችን እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ እንግዳ የሆነው፣ በካሴቱ ልባስ ላይ የግጥሙ ደራሲ ስም በግልጥ እየተጻፈ እንኳ፣ አድማጩና ኂስ ጸሓፊው ያን ስም እንዳላየ ማለፉ ነው።

ይህን ሙያ ቀረብ ብለን እንመልከተው። የአማርኛ የዘፈን ግጥም ብዙ ጊዜ በወል ቤት ይመታል፤ ይኸውም መስመሩ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ተከፍሎ፣ በመካከሉ ለትንፋሽ የሚሆን ዕረፍት የሚሰጥ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የቍጥር ነገር ይመስላል፤ በድምፃዊ ጕሮሮ ውስጥ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ዜማው ረዝሞ በሚንሳፈፍበት ቦታ ላይ ደራሲው «ልብ» የሚለውን ቃል ቢያኖር፣ ሳድሱ ፊደል ከንፈርን ስለሚገጥም ድምፁ ይታፈናል፤ «ልቤ» ቢል ግን ኃምሱ አፍን ስለሚከፍት ድምፃዊው እንደ ልቡ ያንጐራጕራል። ሆዴና ዓይኔ፣ አንጀቴና ጐኔ ዘፈናችንን የሞሉት በፍቅር ሕመም ብዛት ብቻ አይደለም፤ ፊደሉም ራሱ ለዜማ የተመቸ ስለሆነ ነው። ይህን ምስጢር ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ገጣሚ ብዙ ጊዜ ይስተዋል፤ በመድረክ ላይ ቆሞ፣ የኋለኛው ወንበር ድረስ ድምፁን ያደረሰ ተዋናይ ግን በሥጋው ያውቀዋል። የወይዘሮ ዓለምፀሐይን ግጥም ከብዙ ዘመነኞቻቸው ግጥም የምለየው በዚህ ነው፤ ቃላቸው ለዓይን ከመጻፉ በፊት ለትንፋሽ የተለካ ነው።

ተዋናይነት ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ራስን ትቶ በሌላ ሰው ልብ መናገርን ነው። የዘፈን ግጥም ደራሲ የሚጽፈው የራሱን ኀዘን አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ወንድ፣ ምናልባትም ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ የራሱ አድርጎ የሚያዜመውን ኀዘን ነው። ዝነኛዋ አስናቀች ወርቁ በአንድ አካል ተዋናይም ክራር ደርዳሪም ዘፋኝም ሆና ስለኖረች፣ ቃሏና ድምፏ ሳይለያዩ አብረው ተመስግነዋል፤ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ግን ቃሉን ለሌላው ስለ ሰጡ፣ ምስጋናውም ከቃሉ ጋር ተሰጥቶ ሄደ።

ለዚህ መዘንጋት የውጭ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት የዘመናዊ ሙዚቃችንን ዝና ለዓለም ሲያስተዋውቅ ያደረገው ውለታ አይካድም፤ ከኅትመቶቹም አሥራ ስድስተኛው ለአስናቀች ተሰጥቷል። ነገር ግን አማርኛ የማይሰማ ጆሮ የሚያደንቀው የሳክስፎኑን ዜማና የድምፃዊውን ቅላጼ ስለሆነ፣ ግጥሙ በዚያ ታሪክ ውስጥ ድምፅ እንጂ ቃል አልሆነም፤ ደራሲውም ከታሪኩ ውጭ ቀረ። የሚያሳፍረው ግን የባዕዱ አለመስማት አይደለም፤ ቋንቋውን ጠንቅቀን የምንሰማ እኛ የዘፈን ታሪካችንን በዚያው መስማት በተሳነው ጆሮ መጻፋችን ነው።

ወደ ስደቱ ዘመን ስንመጣ ግን ሥራቸው በሌላ ወገንም መመዘን አለበት። አምሐ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 የመንግሥትን ክልከላ ደፍሮ ሸክላ ካሳተመ በኋላ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰዶ ነበርና፣ ዋሽንግተን የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀችው ከወይዘሮ ዓለምፀሐይ በፊት ነው። በዚያች ከተማ የሚዘፍንና የሚያዘፍን አልጠፋም፤ የጐደለው ለቃል የሚሆን መድረክ ነበር፤ ጣይቱ ማዕከል ተውኔትና የግጥም ምሽት በማዘጋጀት፣ አንጋፋ ጥበበኞችንም በማክበር ያን ጉድለት ሞላ። ይሁን እንጂ የስደት መድረክ ክፉ ጠባይ አለው፤ ታዳሚው ከመግባቱ በፊት በሐሳቡ ተስማምቶ፣ ለማልቀስና ለማጨብጨብ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ፣ ደራሲውን የሚፈትነው የለም። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ድምፅ የሚያነቧቸው ግጥሞች ከዚህ ፈተና አላመለጡም፤ አገር፣ እናት፣ ናፍቆት የሚሉት ታላላቅ ቃላት ቤቱን እየመቱ ሲከታተሉ ጭብጨባውን ይጠራሉ፤ በጸጥታ ለብቻ ሲነበቡ ግን እምብዛም አይጠልቁም። በሰው አንደበት ሲናገሩ ረቂቅ የነበሩት፣ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ሰባኪ ይሆናሉ። የሚደንቀው፣ ሕዝብ አብዝቶ የሚያወድሳቸው በዚህ በደካማው ወገን መሆኑ ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ የስደቱን ዘመን ሥራ በግጥሙ ብቻ መመዘን እንደማይገባ ነው። ማዕከሉ ራሱ የድርሰት ሥራቸው ነው፤ በእርሱ ውስጥ እንደገና ወደ ቀደመው ሙያቸው ተመልሰው፣ ቃልን ለሌሎች አንደበት ሰጥተዋልና፤ ወጣት ገጣሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ያነበበበት፣ የተረሳ ተዋናይ እንደገና በስሙ የተጠራበት ምሽት ሁሉ፣ ለድምፃውያን ከጻፏቸው ግጥሞች ጋር በአንድ ረድፍ ሊቈጠር ይገባል። በዚህ በኩል ሲታዩ፣ በዘመናቸው ካሉት የአማርኛ ደራስያን መካከል፣ ራስን በመሰወር ጥበብ የሚተካከላቸውን አላገኘሁም፤ ይህን የምለውም ስለ ምግባራቸው ሳይሆን ስለ ጥበባቸው ነው።

እንግዲህ በከተማችን ያሉት የሙሉዓለም የባህል ማዕከልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች፣ የአዝማሪውንና የቅኔውን ባህል ለማጥናት በቅርብ ስላሉ፣ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ሥራ የተገቡ ናቸው። የካሴት ልባሶቹ እየጠፉ ነው፤ ግጥሙ የማን እንደ ሆነ የሚያስታውሱት ድምፃውያንና አቀናባሪዎችም እያለፉ ነው። የወይዘሮ ዓለምፀሐይና የመሰሎቻቸው የዘፈን ግጥም ተሰብስቦ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንዳዜመውና ዜማውን ማን እንደ ሰጠው ተለይቶ ቢታተም፣ ያን ጊዜ ስለ ደራሲዋ ታላቅነት በማስረጃ እንከራከራለን፤ እስከዚያው ድረስ ግን የምናቀርበው ውዳሴ ሁሉ፣ ምንም ያህል ከልብ ቢሆን፣ ያላነበብነውን መጽሐፍ ማመስገን ነው።