የላም መለኪያ ለፍየል ግት

ስለ በሽታ መከላከል በትምህርት ቤት የተማራችሁትን እስቲ አስታውሱ። ብዙ ጊዜ የሚነገረን የጦርነት ታሪክ ነው፦ ባክቴሪያ ወራሪ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋስ ወታደር ነው፤ ወታደር ከበዛ ውጊያ አለ ማለት ነው። ታሪኩ ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ እኛም አስተማሪዎቹ እንወደዋለን። ወደ ወተት ፍየል ግት ሲገባ ግን ክፉኛ ያሳስታል። በፍየል ወተት ውስጥ ብዙ ነጭ የደም ሕዋስ መገኘቱ ብቻውን ፍየሏ መታመሟን አያረጋግጥም። ያረጋግጣል ብለን የምናስበው፣ ለላም የተበጀውን አነባበብ እንዳለ ወደ ፍየል ስለምንወስደው ነው።

ግቱ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ከበሩ እንጀምር። በጡቱ ጫፍ ላይ ቀዳዳውን ጨምቆ የሚይዝ የጡንቻ ቀለበት አለ። ጠባቡን መተላለፊያ ከውስጥ የሸፈነው ደግሞ ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት ዓይነት ፕሮቲን ማለት ነው። ባክቴሪያ እዚያ ተጣብቆ ይቀራል፤ ፍየሏ ስትታለብም ከወተቱ ጋር ታጥቦ ይወጣል። ከታለበች በኋላ ግን ቀዳዳው ወዲያው ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። እንደታለበች እርጥብና ቆሻሻ ቦታ ላይ እንዳትተኛ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ወተቱ ራሱ ነው። በውስጡ ያለው ላክቶፌሪን የሚባል ፕሮቲን ብረትን አጥብቆ ይይዛል። ብዙ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ ብረት መራባት ያቅታቸዋል። አንቲቦዲዎችም አሉ፤ እንገር በተለይ በእነሱ የበለጸገ ነው።

ሦስተኛው መከላከያ “ወታደሮቹ” ናቸው። ክርክሩም እዚህ ይጀምራል። በጤነኛ ላም ወተት ውስጥ በብዛት የምናገኘው ማክሮፋጅ የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሶች ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ጥቂት ናቸው፤ ኢንፌክሽን ሲገባ ግን ከደም ወደ ግቱ ይጎርፋሉ፣ ቁጥሩም ያሻቅባል። ስለዚህ ለላም “ቁጥሩ ከፍ ካለ በሽታ አለ” የሚለው ስሌት በአብዛኛው ያስኬዳል። ፍየል ግን ሌላ ናት። ምንም ኢንፌክሽን በሌለበት ወተቷም ቢሆን ከሕዋሶቹ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ኒውትሮፊሎች ናቸው። አጠቃላይ ቁጥሩም ከላም ከፍ ይላል። የማለቢያው ወራት ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ይጨምራል፤ ፍየሏ ለስሪያ ስትፈልግ ይጨምራል፤ በእድሜም ይጨምራል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጦርነት ነው? አይደለም፤ የፍየል ግት የዘወትር ኑሮ ነው።

የጦርነቱ ታሪክ ሌላም ችግር አለበት፦ ወታደር ከበዛ ጥበቃው ጠነከረ ያሰኛል። ወተት ግን ለኒውትሮፊል የሚመች ሜዳ አይደለም። ኒውትሮፊሉ ያገኘውን የሚውጥ ሕዋስ ነው፤ ወተት ውስጥ ሲገባ የቅባት ጠብታና ኬዚን የሚባለውን የወተት ፕሮቲንም ይውጣል። ሆዱን በዚህ ሞልቶ ባክቴሪያ ሲያገኝ አቅሙ ይደክማል። ብዛቱን ብቻ ቆጥራችሁ ስለ ጥንካሬው መናገር አትችሉም።

አሁን ወደ መለኪያዎቹ እንምጣ። በሰፊው የሚሠራበት የካሊፎርኒያ ማስታይቲስ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1957 ለላም ታስቦ ይፋ የተደረገ ነው። ሳህኑ አራት ጎድጓዳ ቦታ አለው፣ ላም አራት ጡት ስላላት፤ ፍየል ያላት ሁለት ነው። ወተቱ ላይ እንደ ሳሙና ያለ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ፈሳሹ ሕዋሶቹን ያፈርስና ከውስጣቸው የወጣው ዲኤንኤ ወተቱን ያዝረከርከዋል። ወተቱ በወፈረ መጠን ሕዋሱ ብዙ ነው። ርካሽ፣ ፈጣን፣ በረት ውስጥ የሚሠራ ምርጥ ዘዴ ነው። ጥፋቱ የዘዴው ሳይሆን የአንባቢው ነው፤ ለላም “አጠራጣሪ” የሚባለው ውፍረት ለፍየል ተራ ነገር ሊሆን ይችላል።

የላቦራቶሪ ቆጠራም ከስህተት አያመልጥም። የፍየል ግት ወተት ሲያመነጭ ከሕዋሶቹ ጫፍ ቁርጥራጭ እየተገነጠለ አብሮ ይወጣል። አብዛኛው ቁርጥራጭ ኒውክሊየስ የለውም፤ መጠኑ ግን ነጭ የደም ሕዋስ ያህላል። መጠንን ብቻ አይቶ የሚቆጥር መሣሪያ ይህን ሁሉ “ሕዋስ” ብሎ ይመዘግበዋል። የፍየል ወተት ሲቆጠር ዲኤንኤን ለይቶ የሚያይ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ነገሩ ገብቷቸዋል፣ እኩል ባይሆንም። በአሜሪካ ከፍተኛ ደረጃ ለሚሰጠው ወተት የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ለላም 750,000 ሕዋስ ሲሆን ለፍየል 1,500,000 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለላም 400,000 ሲያስቀምጥ ለፍየል የሕዋስ ጣሪያ አልወሰነም። ሁለቱም የላምን ቁጥር ገልብጠው ለፍየል አልሰጡም፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን የትኛውም ጣሪያ ቢሆን የአንዷን ፍየል ወርና እድሜ አያውቅም።

“በቃ፣ ፍየል ቁጥሯ ከፍ ይላል፤ እንተወው” የሚል መደምደሚያ ላይ እንዳትደርሱ ግን። እሱም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። ፍየል በእርግጥ የግት በሽታ ይይዛታል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ግቱን እስከ ማበስበስና ፍየሏን እስከ መግደል ይደርሳል። ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ወተት የሚቀንስ ኢንፌክሽንም አለ። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና አርብቶ አደር ቤት የፍየል ወተት የሕፃናት ምግብ ነው፤ የታመመች ፍየልን “ጤነኛ ናት” ብሎ ማለፍ የልጅን ድርሻ መቀነስ ነው። በሌላ በኩል ጤነኛዋን “ታማለች” ማለትም ዋጋ አለው፦ ያለ ምክንያት አንቲባዮቲክ ትወጋለች፣ ወተቷ ይደፋል፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችም እንዲበዙ መንገድ ይከፈታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዱ ቀላል መላ ፍየሏን ከራሷ ጋር ማወዳደር ነው። የግቷ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ለውስጥ አይገናኙም። ሁለቱም እኩል ከፍ ካሉ ምክንያቱ ወሩ ወይም የስሪያ ፍላጎቷ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዝቅ ብሎ ሌላው በጣም ከፍ ካለ ግን ያኛው ወገን ጠርጥሩኝ እያለ ነው። ያኔ ግቱን መዳሰስ፣ ወተቱ መጓጎሉን ማየት፣ ከተቻለም ወተቱን ላቦራቶሪ ልኮ ባክቴሪያውን ማብቀል ይገባል።

ከእንግዲህ “በወተቱ ውስጥ ይህን ያህል ሕዋስ ተገኘ” የሚል ነገር ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የየትኛው እንስሳ ወተት ነው? ከወለደች ስንት ወሯ ነው? በምን ተቆጠረ? ጽሑፉ እነዚህን ካልመለሰ፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ፍየሏን ለመፍረድ አይበቃም።