ፒኤፍሲቲኤልን ሳመሰግን

ኦፕንቢኤስዲ ላይ የኔትወርክ ፓኬት የሚያጣራው ፒኤፍ ነው። ዳንኤል ሃርትማየር ጽፎት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ከስርዓተ ክወናው 3.0 እትም ጋር ወጣ። ቀድሞ የነበረው ማጣሪያ፣ አይፒፊልተር፣ በፈቃድ ውዝግብ ከስርዓቱ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ፒኤፍ የሚታዘዝበት መሣሪያ፣ ፒኤፍሲቲኤል፣ ነው።

ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ የፋየርዎል ደንብ የቀየረ ሰው ስጋቱን ያውቀዋል፤ አንድ ስህተት ባለቤቱን ውጭ ሊያስቀር ይችላል። «ኤን» እና «ኤፍ» የተባሉትን አማራጮች አጣምራችሁ የደንቡን ፋይል ስትሰጡት ፒኤፍሲቲኤል ያነበዋል፤ ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይናገራል፤ ሌላ ምንም አይነካም። ንጹሕ ከሆነ «ኤን»ን አውጥታችሁ ትደግሙታላችሁ። አሮጌው ደንብ በአዲሱ በአንዴ ይተካል፤ ግማሽ ደንብ የሚሠራበት ቅጽበት የለም። እርግጥ፣ አጻጻፉ የተስተካከለ መጥፎ ደንብን አያስቆምም፤ ያ የእኛ ኃላፊነት ነው።

የአድራሻ ዝርዝር የሚይዙትን የፒኤፍ ሰንጠረዦች ደግሞ እወዳቸዋለሁ። አንድ አድራሻ ፓስወርድ እየገመተ ሲያስቸግር፣ ደንቡ ሳይነካ በአንድ መስመር ትእዛዝ የታገዱት ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት ማለፉን እንደሚቀጥል ነው፤ እሱን በ«ኬ» መቁረጥ ያስፈልጋል።

«ቪ»፣ «ኤስ»፣ «አር» ስለው ደግሞ እያንዳንዱ ደንብ ስንት ፓኬት እንዳገኘ ያሳየኛል። ዜሮ ላይ የቆመውን መስመር ሁልጊዜ መርምሩት፤ ወይ ትርፍ ነው፣ ወይ ሌላ ደንብ ሸፍኖታል፣ ወይ የሚመለከተው ፓኬት ገና አልመጣም።