ፈጠራና ጣዕም፦ በቴክሳስ ዓመታዊ ትርኢት ስለሚቀርቡ እንግዳ ምግቦች

ሂስ በመጽሔቶቻችን ላይ የለመደው ቦታ በግጥም፣ በልብ ወለድ፣ በተውኔትና በሥዕል ዙሪያ ነው። ስለ ወጥ ወይም ስለ ዳቦ ሂስ ሲጻፍ ብዙም አልታየም። ምግብ የጓዳ ጉዳይ ነው፣ ጓዳም የሃያሲ ቦታ አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ሥራ ለሕዝብ የሚቀርብበት መድረክ፣ የሚመዝነው ዳኛና የሚያከራክር ሽልማት ካለው፣ ከቃል ይሠራ ከሊጥ፣ ለሂስ የተጋለጠ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻም መድረክ፣ ዳኛና ሽልማት ያላቸው ምግቦች ናቸው።

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በአገራችን የመስቀል በዓል ሲከበር፣ በአሜሪካ በዳላስ ከተማ «ስቴት ፌር» የሚባለው የቴክሳስ ግዛት ዓመታዊ የግብርና ትርኢትና ገበያ በሩን ከፈተ። ይህ ጸሐፊ በዚያን ሰሞን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚያ አካባቢ፣ በአክስቱ ልጅ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። በዓሉ ዓርብ ስለ ዋለ፣ የቤቲቱም እመቤት ጾሟን አክባሪ ስለሆነች፣ ወደ ትርኢቱ የሄድነው በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። «ጋሼ፣ እዚያ የማይጠበስ ነገር የለምና ቁርስ እንዳይበሉ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለመናቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

እንዲህ ያለው ትርኢት ዛሬ ስሙ የሚነሣው በምግብና በመዝናኛ ቢሆንም አመጣጡ ከእርሻ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የግዛት ትርኢት በ1841 በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪውዝ ከተማ ተካሄደ። የቴክሳሱ በ1886 ተመሠረተ። የጥንቱ ሐሳብ ቀላልና ጤናማ ነበር። ገበሬው ምርጥ ወይፈኑንና ምርጥ በቆሎውን፣ ባለቤቱም የጓዳዋን ምርጥ ማርማላታ ይዘው ይመጣሉ። ዳኛው ያያል፣ ይዳስሳል፣ ይቀምሳል። ያሸነፈ ሪባን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ያልቀናውም ከአሸናፊው አንድ ነገር ተምሮ ይሄዳል። ከዚህ እንደምንረዳው ዳኝነቱ የቆመው ለትምህርት ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንሻለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በሜዳው ላይ 55 ጫማ ቁመት ያለው የከብት እረኛ ምስል ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን ሰላም ይላል። በእርሱ ዙሪያ ዘይት የሚፈላባቸው ትናንሽ ሱቆች ተደርድረዋል። በመጀመሪያ የቀመስነው «ኮርኒ ዶግ» የሚባለውን ነው። ቋሊማ በስንጥር ይሰካና፣ በበቆሎ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ፣ በፈላ ዘይት ይጠበሳል። ይህን ምግብ በ1938 እና በ1942 መካከል ለዳላስ ትርኢት ያስተዋወቁት ኒልና ካርል ፍሌቸር የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ለእኛ ለቴአትር ሰዎች የሚደንቀን የሁለቱ ሙያ ወጥ ቤት ሳይሆን መድረክ መሆኑ ነው። ዘፈን፣ ቀልድና ጭፈራ በሚፈራረቁበት፣ ቮድቪል በሚባለው ትርኢት ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያው ፈጣሪ ማን ነው የሚለው ግን ያከራክራል። በስንጥር የተያዘ ምግብ በሊጥ ተነክሮ ለሚጠበስበት መሣሪያ በ1929 ለአንድ የቡፋሎ ከተማ ነዋሪ የፈጠራ መብት ተሰጥቷል። በሚኔሶታ ትርኢትም «ፕሮንቶ ፐፕ» የተባለው አምሳያው ከ1947 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል። እንደ ተረትና ምሳሌ ነው፤ ብዙ አፍ ስላለፈበት ባለቤቱ ጠፍቷል።

የዚህ ምግብ ዋጋ የቱ ላይ ነው ቢባል መልሱ ስንጥሩ ላይ ነው። የትርኢት ጎብኚ ቆሞ የሚበላ፣ እየሄደ የሚያይ፣ በአንድ እጁ ልጅ የያዘ ሰው ነው። ማዕድ የለውም፤ ሳህን የለውም፤ መታጠቢያ ውኃም በቅርብ አያገኝም። ስንጥሩ ሳህን፣ ሹካና እጀታ ሆኖ ያገለግለዋል። ቅርጹ ከችግሩ ውስጥ ተወለደ እንጂ ከላይ አልተለጠፈበትም። በአገራችን ጭኮን ያስቡ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የተሠራው ሩቅ መንገደኛ እሳት ሳያነድድ እንዲበላው፣ ቶሎም እንዳይበላሽ ነው። የጭኮ ፈጣሪ ሽልማት አልተቀበለም፤ ነገር ግን ሥራው የመንገደኛውን ስንቅ ጥያቄ መልሷል። ኮርኒ ዶግም የዚሁ ዘመድ ነው። ጣዕሙም ያለ ሐሰት መልካም ነበር።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንሂድ። ትርኢቱ በ2005 ለምግብ ነጋዴዎቹ አንድ ውድድር አቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽልማቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ «ምርጥ ጣዕም» ሲሆን ሁለተኛው «ምርጥ ፈጠራ» ነው። ቆይቶ የጣዕሙ ሽልማት ለጨው ያለውና ለጣፋጩ ተብሎ ተከፈለ፤ የፈጠራው ግን ለብቻው እንደ ቆመ ቀረ። የዚህን ክፍፍል ውጤት በአንድ ሰው ሥራ መከታተል ይቻላል። አቤል ጎንዛሌዝ በ2005 በውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ማርማላታና ሙዝ ያለበት ሳንድዊች ጠብሶ የጣዕሙን ሽልማት ወሰደ። በ2006 «የተጠበሰ ኮካ ኮላ»፣ በ2009 ደግሞ «የተጠበሰ ቅቤ» ይዞ ቀረበ፤ ሁለቱም የፈጠራውን ሽልማት አገኙ። በ2010 ሌላ ተወዳዳሪ ቢራ ጠብሶ የፈጠራው ባለ ሽልማት ሆነ። በጣዕሙ የተሸለመው የአሜሪካ ሕፃናት ከእናታቸው እጅ የሚያውቁት ሳንድዊች መሆኑን፣ በፈጠራው የተሸለሙት ግን ስማቸው ሲጠራ «እንዴት ሆኖ!» የሚያሰኙት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ኮካ ኮላ እንዴት ይጠበሳል? ፈሳሽ በዘይት አይጠበስም። ሥራው ሲገለጥ ነገሩ ይህ ነው፦ ሊጡ በኮካ ኮላ ይቃኛል፤ ድቡልቡል ሆኖ ይጠበሳል፤ ከዚያም የኮካ ሽሮፕ፣ የተመታ ክሬም፣ ስኳርና ቀረፋ ይደረብበታል። ስለዚህ የተጠበሰው ሊጥ ነው፤ ኮካው ቃና ነው፤ አስደናቂው ስሙ ነው። ደራሲው የሠራው አዲስ ምግብ ሳይሆን አዲስ ርእስ ነው ማለት ይቻላል።

በቅቤው ላይ ግን ሳይቀምሱ መፍረድ አግባብ ስላልመሰለን፣ በሳምንቱ በአክስቴ ልጅ ማድ ቤት ራሳችን ሞከርነው። አሠራሩ ምሥጢር አይደለም። ቅቤው ድቡልቡል ተደርጎ በረዶ እስኪመስል ይቀዘቅዛል፤ በሊጥ ይሸፈናል፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በፈላ ዘይት ይነከራል። ሊጡ ቡናማ ሲሆን አወጣነው። የሰባት ዓመት ልጇ የመጀመሪያውን ገመጠና ቅቤው በአገጩ ላይ ወረደ፤ ሳቀ። እናቱ ቀመሰች፣ አሰበችና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅቤ የጠጣ ትኩስ ዳቦ ነው!» አለች።

ከዚህ የተሻለ ሂስ አላውቅም። ቅቤ የጠጣ ትኩስ ዳቦ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የልጅነታችን ምርጥ ምግብ ነው። ነገር ግን «የተጠበሰ ቅቤ» የሚለው ስም የገባልን ተአምር ሌላ ነበር። የቅኔ መምህር ሰሙን ብቻ አሳምሮ የመጣ ተማሪውን «ሰሙን ሰማን፤ ወርቁስ?» ይለዋል። በፈጠራ የተሸለሙት ምግቦች ብዙዎቹ በዚህ ጥያቄ ፊት ይወድቃሉ። ሰሙ ቡናማ፣ የሚንኮሻኮሽ፣ ዐይን የሚስብ ነው። ውስጡ ሲገለጥ ግን ወይ ከድሮ የምናውቀውን እናገኛለን፣ ወይ ከስኳርና ከስብ በቀር ምንም አናገኝም። በትርኢቱ ላይ የበላነው በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ጥቁር ብስኩትም የዚህ ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው ጉርሻ ያስገርማል፤ ሁለተኛው ያሰለቻል፤ ሦስተኛውን ለልጁ ሰጠሁት።

ሚዛናዊ ለመሆን ተቃራኒውንም መናገር ይገባል። አንደኛ፣ ትርኢቱ በዓመት 24 ቀን ብቻ የሚቆይ የጥጋብ በዓል ነው፤ «ካልጠገቡ አይዘሉ» ይባላልና በበዓል ቀን የዘለለ ሁሉ አይወቀስም። ሁለተኛ፣ እነዚህን ምግቦች የሚያቀርቡት ብዙዎቹ አነስተኛ ነጋዴዎችና ቤተሰቦች ናቸው። ጎንዛሌዝ ራሱ ቀድሞ በኮምፒዩተር ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው ነው። በ24 ቀን ውስጥ የዓመት ቀለቡን ማግኘት ያለበት ሰው ከመቶ ሱቅ መካከል ስሙን ለማሰማት ቢጮህ አይፈረድበትም። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ይስቃል፤ ለማያውቀው ሰው «ቅመስ እስቲ» ይላል። ሰውን ከሰው የሚያነጋግር ሥራ ፈጽሞ ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይቻልም።

በዚሁ አደባባይ መብላት የተገኘውም በነፃ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ዳላሱ ትርኢት እንዲመጡ የተመደበላቸው «የኔግሮ የስኬት ቀን» የተባለ አንድ ቀን ነበር። በሌሎቹ ቀናት መግባት ከተፈቀደ በኋላም በምግብ ቤቶችና በአንዳንድ መጫወቻዎች ላይ ክልከላው ቀጥሎ ነበር። በ1955 ጁዋኒታ ክራፍት የመራቻቸው ወጣቶች ይህን በመቃወም ተሰለፉ፤ ክልከላውም በ1960ዎቹ ተነሣ። እኛ በቆምንበት ሰልፍ ላይ የሁሉም መልክ ሰው ስንጥሩን ይዞ ያኝክ ነበር። ይህን ታሪክ ያወቀ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ ያለውን ምግብ እንደ ቀልድ ብቻ ሊያየው አይችልም። ጥያቄያችንም ከዚህ ይነሣል፤ ሕዝብ በትግል ያገኘው ማዕድ ላይ የሚቀርበው ሥራ ለሕዝቡ የሚመጥን መሆን የለበትምን?

ቅቤ ለከፍተኛ ጥበብ እንደሚበቃ ሌላ ትርኢት ይመሰክራል። በአዮዋ ግዛት ትርኢት ከ1911 ጀምሮ በቅቤ የተቀረጸች ሙሉ ቁመት ያላት ላም ትቀርባለች። ከእንጨት፣ ከሽቦና ከብረት በተሠራ አፅም ላይ 600 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ከ270 ኪሎ የሚበልጥ ቅቤ ይለበጣል። ከ1960 እስከ 2005 ላሟን የቀረጸችው ኖርማ ላየን የእንስሳት ሳይንስ የተማረች፣ ራሷም ላም የምታረባ ገበሬ ነበረች። የላሟን ዳሌ፣ የጡቷን ደም ሥር፣ የአንገቷን እጥፋት የምታውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከበረት ነው። ቅቤው ወደ መጣበት ወደ ላሟ ይመለሳል፤ ጎብኚው ገበሬም ድካሙን በመስታወቱ ውስጥ ቆማ ያያታል። እዚህ ላይ ሰሙ ቅቤ፣ ወርቁ የገበሬው ሥራ ነው። የማይበላው ቅቤ ከሚበላው ይልቅ አጥግቦናል።

እንግዲህ ወደ ዳኝነቱ እንመለስ። ስሕተቱ ከነጋዴው ይልቅ የሽልማቱ ነው እንላለን። ጣዕምን ለብቻ፣ ፈጠራን ለብቻ የሚሸልም ዳኛ፣ ሳያስበው፣ «ፈጠራ መጣፈጥ የለበትም» ብሎ ያውጃል። ሠሪውም ይህን ሰምቶ ይሠራል። በጥንቱ ትርኢት ለወይፈኑ ውበት አንድ፣ ለሥጋው ሌላ ዳኛ ቢቆም ኖሮ ገበሬው የሚያምር ግን የማይረባ ከብት ማርባት በተማረ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የተውኔት ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩ። ለ«አዲስነት» የተመደበ ነጥብ ነበረ። ተዋንያኑ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው የሚናገሩበት አንድ ሥራ ቀረበ፤ እኔም ሙሉውን ነጥብ ሰጠሁት፤ አሸነፈም። በዚያው ቀን በአንድ ድርቅ በመታው መንደር ስለሚኖሩ አማትና ምራት የተጻፈ፣ ቅርጹ የተለመደ፣ ንግግሩ ግን አጥንት የሚሰብር ተውኔት ቀርቦ ነበር። እርሱን «የታወቀ መንገድ ነው» ብዬ ዝቅ አደረግሁት። ዛሬ ከአሸናፊው ሥራ የማስታውሰው ጀርባዎቹን ብቻ ነው። ምራቲቱ ባዶውን እንስራ እንዳይሰማባት በቀስታ ስታስቀምጥ ግን እስከ አሁን ትታየኛለች። የዚያን ተውኔት ወጣት ደራሲ ከዚያ ወዲህ በመድረክ አላየሁትም። የተጠበሰ ቅቤን የሸለመውን ዳኛ ስወቅስ የምወቅሰው ራሴንም ጭምር ነው።

ስለዚህ በየክፍላቸው የተማሪ ድርሰት ለሚያርሙ መምህራን፣ የኪነት ውድድር ለሚያዘጋጁ ኃላፊዎችና እንደ እኔ በዳኝነት ወንበር ለሚቀመጡ ባለሙያዎች የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ አዲስነትን ለብቻው አንመዝን። «አዲስ ነውን?» ከማለታችን በፊት «የማንን ጥያቄ ይመልሳል?» እንበል። መልስ ካለው አዲስነቱ ራሱ ይመጣል፤ ስንጥሩ ለመንገደኛው እንደ መጣለት። መልስ ከሌለው ግን የፈለገውን ያህል ቡናማ ሆኖ ቢወጣ፣ አንዲት የቤት እመቤት ቀምሳው በአንድ ዐረፍተ ነገር ትገልጠዋለች።