አካል፣ መልክና ፀሐይ፤ የምሥጢረ ሥላሴ ክርክር ከሥነ ጽሑፍ አንጻር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን የአማርኛን ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ከዚያ በፊት ያለውን «የሃይማኖት ጽሑፍ ነው» ብለው ያልፉታል። ይህችን ዐረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ አንብቤአታለሁ። በበኩሌ አማርኛ ረቂቅ ሐሳብ መሸከምን የተማረው ከልብ ወለድ ሳይሆን ከጉባኤ ቤትና ከክርክር አደባባይ ነው እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተውም ከክርክሮቹ አንዱን፣ ማለትም የምሥጢረ ሥላሴን ነገር ነው። የማን ትምህርት ይቀናል የሚለውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ቃሉና ምሳሌው ምን ሠሩ የሚል ነው።

አስቀድሞ «አካል» የሚለውን ቃል እንይ። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ የአርዮስን ወገኖች ሲያወግዝ «ኡሲያ» እና «ሂፖስታሲስ» የተባሉትን የግሪክ ቃላት እንደ አቻ አድርጎ ነበር የጠቀሳቸው። ቃላቱ ተለያይተው የመጀመሪያው ለአንድነቱ፣ ሁለተኛው ለሦስትነቱ እንዲውል ለማድረግ የባስልዮስና የባልንጀሮቹ ድካም አስፈልጓል። እስከዚያ ድረስ አንዱ ወገን «ሦስት» ሲል ሌላው ሦስት አማልክት ይሰማው ነበር፤ «አንድ» ሲባል ደግሞ ያኛው ስሞቹ ብቻ የተለያዩ መስሎት ይደነግጣል። ጠቡ ግማሹ የእምነት፣ ግማሹ የመዝገበ ቃላት ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

የእኛ ሊቃውንት የመጀመሪያውን «ባሕርይ»፣ ሁለተኛውን «አካል» አሉት። ይሁንና «አካል» በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ገላን ነው፤ አካለ ስንኩል፣ የአካል ጉዳት፣ የአካል ብቃት እንላለን። ስለዚህ «ሦስት አካል» የሚለው ሐረግ ላልተማረ ሰው ሦስት ገላ ቢመስለው አያስገርምም፤ የሥላሴን ትምህርት የማይቀበሉ ወገኖችም ነቀፋቸውን የሚያሳርፉት በዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን ያው አማርኛችን «በአካል ቀረበ» ሲል ስለ ሥጋው አይናገርም፤ ራሱ መጣ፣ ወኪል አላከም ማለቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ፍቺ ለሊቃውንቱ አሳብ እጅግ የቀረበ ሆኖ ሳለ ተከራካሪዎች ብዙም ሲጠቀሙበት አላየሁም።

«መልክ» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ አከራክሯል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ«መጽሐፈ ብርሃን» ከሚሞግታቸው መካከል የዘሚካኤል ወገኖች ይገኛሉ። እነዚህ የእግዚአብሔርን መልክ ሰው ሊያውቀው አይችልም ይላሉ፤ ንጉሡ ደግሞ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ የሚለውን የኦሪት ቃል ይዞ መልኩ የሰውን ይመስላል ይላል። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲታይ ክርክሩ የንባብ ክርክር ነው፤ አንደኛው ቃሉን በእማሬው፣ ሌላኛው በፍካሬው ለማንበብ ይሻል። ዛሬ በግጥም ትንተና ክፍላችን የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ በዚያ ዘመን የሰው ሕይወት ያስከፍል እንደነበር ተማሪ ልብ ሊለው ይገባል።

ሁለቱን ጫፎች አስታርቆ የሚይዝ አንድ ድርሰት ጥቀስ ብባል ለአባ ሕርያቆስ የሚሰጠውን «ቅዳሴ ማርያም» እጠቅሳለሁ። ብዙ ሰው ለሥላሴ ምሳሌ ሲጠየቅ ፀሐይን ይጠራል፤ ክበቧን ለአብ፣ ብርሃኗን ለወልድ፣ ሙቀቷን ለመንፈስ ቅዱስ ይሰጣል። ምሳሌው ለልጅ ይጥማል፤ እንከኑ ግን ግልጽ ነው። ብርሃንና ሙቀት የክበቧ ጠባያት እንጂ እንደ እርሷ ራሳቸውን የቻሉ አይደሉም። የቅዳሴው ደራሲ ፀሐይን ለሦስት አይከፍላትም። አብንም፣ ወልድንም፣ መንፈስ ቅዱስንም በተራ ሙሉ ፀሐይ ብሎ ይጠራና ወዲያው ሁሉን በአንድ ፀሐይ ይጠቀልላል። በእሳትም እንዲሁ ያደርጋል። ምሥጢሩን የተሸከመው የፀሐይ ሥዕል ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው፤ ሦስት ባለቤት፣ ለሦስቱም ያው አንድ ተሳቢ፣ በመጨረሻም ነጠላ ቊጥር። ምሳሌ በተፈጥሮው ይሰነጠቃል፤ ድግግሞሽ ግን አይሰነጠቅም።

ደራሲው በዚህ አይቆምም። አብርሃም ይስሐቅን፣ ይስሐቅም ያዕቆብን በዕድሜ እንደሚበልጥ ያለ መብለጥ በሥላሴ ዘንድ እንደሌለ ይናገራል። «አባት» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት ሳይጠሩት ይዘውት የሚመጡት የዕድሜ ልዩነት አለ፤ ደራሲው ቃላቱን ሳይጥል ትርፉን ብቻ ይቀንሳል። መለኮት ላይና ታች፣ ርዝመትና ወርድ እንደሌለውም ያክላል፤ ይህም «አካል» ወደ ገላ እንዳይንሸራተት የተበጀ አጥር ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕል ያየ ሰው ያንኑ ክርክር በቀለም ያገኘዋል፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሠዓሊው አጥሩን ሊሥለው አይችልም፤ የቻለው አንዱን ከሌላው አለማስበለጥ ነው።

በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትምህርት የሚሰጠው «ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ» የሚለው ምሳሌ ከፀሐይ ይልቅ ለእኔ የጠነከረ ነው። ምክንያቱም መምህራኑ ምሳሌውን ለየብቻ አያከፋፍሉትም፤ አብ ለሦስቱ ልብ፣ ወልድ ለሦስቱ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ ለሦስቱ እስትንፋስ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ የሌላው ይሆናል። በዝምድና ላይ የተመሠረተ ተለዋጭ ዘይቤ ከዚህ በላይ የተጠናከረበትን ቦታ በቀደመው አማርኛ አላገኘሁም።

በመጨረሻ የሚነሣው የሰዋስው ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚደንቀኝም እርሱ ነው። አማርኛ እግዚአብሔርን አንቱ አይልም፤ «አንተ» እና «ነው» ይለዋል። ወደ ሥላሴ ሲመጣ ግን «ሥላሴ ፈጠሩን»፣ «ሥላሴ ይመስገኑ» ይላል። ይህ ብዙ ቊጥር ነው ወይስ አክብሮት? ግዕዝ ቢሆን አንቱታ ስለሌለው ነጠላና ብዙ ፊት ለፊት ይለያሉ፤ በአማርኛ ግን «መጡ» ለሦስት ሰዎችም ለአንድ አባትም ይሆናል። በዚህ ላይ «ቅድስት ሥላሴ» የሚለው የሴት ቅጽል አለ፤ መምህራን ይህን ሲፈቱ እናት ለልጆቿ እንደምትራራ ሥላሴም ለፍጥረታቸው ስለሚራሩ ነው ይላሉ። እንደ ሥነ ልሳን ፍቺው አያስኬድም፤ በግዕዝ የቅጽል ጾታ ልል መሆኑ ይበቃ ነበር። እንደ ሥነ ጽሑፍ ግን የሰዋስው አጋጣሚን ወደ ትርጉም የለወጠ ንባብ ነውና ልንንቀው አይገባም።

ለተከራካሪ ይህ የግሥ አሻሚነት ኪሳራ ነው፤ «ይመስገኑ» ካለው ሰው ሦስት ይበል አንድ፣ ከግሡ ብቻ መልስ አያገኝም። ለሚጸልይ ሰው ደግሞ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ይወጡለታል። የሚቸገረው ጸሎቱን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስ የምንሰጠው ተማሪ ነው፤ እዚያች ግሥ ላይ ሲደርስ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።