ውኃ በ92 በሚፈላበት አገር

ላሊበላ ውስጥ ለወጥ ቤት ቴርሞሜትር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው በሚንተከተክ ውኃ ነው። መቶ ይጠብቃል፤ መሣሪያው 91 ወይም 92 ያሳየዋል። «ተበላሽቷል» ተብሎ ወይ ለሻጩ ይመለሳል፣ ወይ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። መሣሪያው ግን እውነቱን ነው የተናገረው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ 3,500 ሜትር ከደረሱ 88 ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ብሎ መያዝ ለወጥ ቤት ሥራ ይበቃል።

ይህን ያላወቀ ምግብ ሠሪ ምንም ዓይነት ቴርሞሜትር ቢገዛ ትርፉ ድካም ነው። ባቄላው አልበስል ሲለው እንጨት ይጨምራል። እሳቱ ቢጨምር ግን ውኃው ከ92 አያልፍም፤ ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ለጥራጥሬ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፣ ካልሆነም ፕሬዠር ኩከር። እሱም ቢሆን በባሕር ዳርቻ አገር 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ዓይነት እዚህ 116 አካባቢ ላይ ስለሚቆም፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃውም።

ቴርሞሜትር ስመርጥ ዋጋውን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ሙቀቱ የሚፈለገው የት ነው ብዬ ነው፤ ከምጣዱ ፊት ላይ፣ ከሥጋው መሐል፣ ወይስ ከዘይቱ ውስጥ?

ለምጣድ የሚሆነው ሳይነካ የሚለካው ኢንፍራሬድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በኮሮና ጊዜ በየሆቴሉ በር ላይ ግንባር ሲለካበት የነበረውን ሽጉጥ መሳይ መሣሪያ ወጥ ቤት አስገብተው ምጣድ ላይ የሚያነጣጥሩ አጋጥመውኛል። ያ የተሠራው ለሰው ገላ ስለሆነ ከ43 ዲግሪ በላይ ብዙም አያውቅም። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 200 አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቢያንስ እስከ 400 የሚያነብ የወጥ ቤት ወይም የጋራዥ ዓይነት ይገዛ። የሸክላ ምጣድ ጥቁርና ደብዛዛ ስለሆነ ንባቡ ይታመናል። የሚያብለጨልጭ የአልሙኒየም መጥበሻ ላይ ግን ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አክንባሎው ከተከደነ የሚለካው አክንባሎውን ነው፤ እንፋሎት ከበዛም ያሳስታል።

አብራን የምትሠራ አንዲት ጋጋሪ አለች። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ከጨረሰች በኋላ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች። «ልጄ፣ በዚህ በኩል አልጋመም፤ እንጨቱን ወደ ግራ ግፋው» ትለኛለች። መሣሪያውን አነጣጥሬ ሳየው መሐሉ ከ200 በላይ ሆኖ በግራ በኩል ያለው ጠርዝ ገና 160ዎቹ ውስጥ ነው። ለእሷ መሣሪያው አዲስ ነገር አይነግራትም። የሚጠቅመው ገና ሙያውን ለምትለምድ ልጅ ነው፤ ዓይን የማያወጣ እንጀራ ሲገጥማት ጥፋቱ ከሊጡ ይሁን ከእሳቱ ለመለየት።

ለዳቦ ኢንፍራሬድ ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው የመሐሉ ሙቀት ነው። ጫፉ ቀጭን፣ በሁለት በሦስት ሴኮንድ የሚያነብ ዲጂታል ዓይነት ይወጋበታል። የውጭ አገር መጻሕፍት «መሐሉ 96 ሲደርስ አውጣው» ይላሉ። እዚህ ላስታ ውስጥ ይህን የጠበቀ ሰው ድፎውን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ሊጡ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ መሐሉ ውኃ ከሚፈላበት ዲግሪ አያልፍም፤ ስለዚህ 96 ጨርሶ አይመጣም። እዚህ 88 ወይም 89 ሲያሳይ ከምድጃ ይውጣ።

ለሥጋም ያው ዲጂታሉ ነው። ርካሹ ክብ ባለቀስት ቴርሞሜትር የሚለካው በጫፉ ብቻ ሳይሆን በዘንጉ ላይ በርከት ባሉ ሴንቲሜትሮች ነው፤ ለወፍራም የበግ እግር ይሆናል፣ ለዶሮ ብልት ወይም ለስስ ሥጋ ግን የውጩንና የውስጡን ቀላቅሎ ያሳያል። ለሥጋ የሚያስፈልገው ቁጥር በከፍታ አይለወጥም፤ ዶሮ ዛሬም 74 ይፈልጋል፣ የተፈጨ ሥጋ 71። በጥቅምት 19 የይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ወይም በገና እንደሚሆነው ለብዙ ሕዝብ በትልልቅ ድስት ሲሠራ ደግሞ ዋናው ጥያቄ መብሰሉ ሳይሆን መቆየቱ ነው። ረጅም መውጊያ ያለውን ድስቱ መሐል ሰድዶ ከ60 በታች አለመውረዱን ማየት ያስፈልጋል። ላዩ እየጨሰ መሐሉ ለብ ያለ ወጥ ብዙ አለ።

አይብ ሲወጣ አሬራው ከ70 እንዳያልፍ ያው መሣሪያ ይበቃል። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘይቱን ከፍታው አይገድበውም፣ ሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ቀድሞ ይፈላል፤ በ175 የጠበሰ ሰው ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆንበታል። ወደ 160 ዝቅ ይደረግ። መውጊያውም የድስቱን ቂጥ አይንካ፤ ከነካ የሚነግረን የብረቱን ሙቀት ነው።

አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቀጭኑን ባለመውጊያ ዲጂታል ይግዛ፤ እስከ 250 የሚያነብ መሆኑን ያረጋግጥ። ኢንፍራሬዱ ሁለተኛ ነው። ክቡን ባለቀስት ለማንም አልመክርም። ገዝተው ቤት ሲገቡ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውኃ ይሞክሩት፤ በረዶ ከፍታ አይለውጠውም፣ 0 ማሳየት አለበት። በረዶ ከሌለ በሚፈላ ውኃ ይሞክሩና ያገኙትን ቁጥር ከቦታዎ ከፍታ ጋር ያስተያዩት። ላሊበላ ላይ መቶ ካሳየ፣ ያኔ ለሻጩ ይመልሱት።