ድሪቶና ጥበብ፦ ስለ ቁራጭ ክር ሥራ

በአማርኛ ጥለትም ጥበብ ይባላል፤ ኪነትም ጥበብ ይባላል። ሁለቱ አንድ ቃል ይጋሩ ዘንድ የፈቀደ ሕዝብ ግን ከተራረፈ ክርና ከእራፊ ጨርቅ ለሚሠራው ነገር ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ ድሪቶ። ድሪቶ በላይ በላዩ የተጣጣፈ አሮጌ ልብስ ነው፤ ከዚያም አልፎ ስድብ ነው። ሀያስያን ሳይቀሩ ያልተዋጣለትን ድርሰት ሲነቅፉ «ድሪቶ» ይሉታል። ከስድቡ በስተጀርባ ያለው ፍርድ፣ ከትርፍራፊ የተሠራ ነገር አንድነት ሊኖረው አይችልም የሚል ነው። ይህ ፍርድ ሊመረመር ይገባዋል። በየቤቱ የሚሠራውን የእጅ ሥራ ከኪነ ጥበብ ደጃፍ የሚያግደው እርሱ ነውና፤ ከትርፍራፊ የሚሠራ ሠዓሊ ብቅ ባለ ጊዜም ያለ አንዳች መመዘኛ የሚያስጨበጭበው ይኸው ፍርድ በግልባጩ ሲቀርብ ነው።

ነገሩ ከሸማኔው ጉድጓድ ይጀምራል። ድሩ ተወጥሮ፣ ማጉ እየገባበት፣ ሸማው እየተጠቀለለ ሲሄድ በመጨረሻ መወርወሪያ የማያልፍበት የድር ጫፍ መቅረቱ አይቀርም። ይህ ጫፍ ሸማ ሊሆን የማይችል ትርፍ ነው። የጋቢና የነጠላ ባለሙያ ግን ሁሉንም ቆርጦ አይጥለውም፤ ጥቂት ጥቂት ክር እየለየ፣ እየገመደ ይቋጨዋል። ቁጭቱ የሸማውን ዳር ከመተርተር ይጠብቀዋል። ሳይሸመን የቀረው የተሸመነውን ይዞ ያኖረዋል ማለት ነው። ነገርን መቋጨት የሚለው አነጋገርም ከዚህ ሙያ ጋር አንድ ቃል መጋራቱን ልብ ይሏል። እንግዲህ ከቁራጭ ክር መሥራት የድህነት ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በሀገሪቱ ከተከበሩት ልብሶች በአንዱ ዳር ላይ ሁልጊዜም የነበረ ነው።

ከሸማው ወደ ሱፍ ክሩ ሲታለፍ ግን የቅርጽ ጥያቄው ይጠነክራል። ክርኑ የተበላ ሹራብ ይተረተራል፤ ክሩ ታጥቦ ጭምድዱ እስኪለቅ ይሰጣል፣ ተመልሶም ይጠቀለላል። የአባት ሹራብ የነበረው የልጅ ኮፍያ ሆኖ ይወጣል፤ ከኮፍያው የተረፈው ደግሞ ከሌሎች ልቃቂቶች ጋር በከረጢት ይቀመጣል። ይህን ከረጢት ከፍታ የኪሮሽ መርፌዋን የምታነሣ ሴት ከባድ ሕግ ይጠብቃታል፤ ቀለሙ የሚለወጠው ንድፉ በፈለገበት ቦታ ሳይሆን ክሩ ባለቀበት ቦታ ነው። ሙያውን ያላወቀች በዚህ ትሸነፋለች፤ ቀዩ በዙሩ አጋማሽ ላይ ያልቅባትና በቡኒ ትቀጥለዋለች፤ ድሪቶ የሚለው ስምም ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሙያተኛዋ ግን ከመጀመሯ በፊት ክሮቿን በዐይኗ ትመዝናለች። ከመሃል ወደ ዳር እየሰፋ በሚሄድ ሥራ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው የበለጠ ክር ይጠይቃል። ስለዚህ ከሁሉ ያነሰውን ቀለም መሃል ላይ ታኖረዋለች፤ የበዛውን ለዳሩ ታቆያለች። ከሁለቱም ያልሆነውን በየሦስት ዙሩ ብቅ ታደርገዋለች፤ በሥርዓት ሲመላለስ እጥረቱ ምት ይሆናል። ቤት መምታት ያለበት ባለቅኔ የሚያደርገውም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ያልመረጠው ማሰሪያ ያላሰበውን ሐሳብ ያስወልደዋል። በአንጻሩ በአዲስ ክር፣ ከንድፍ መጽሐፍ ላይ ነጥብ በነጥብ ተገልብጦ የሚሠራ የሶፋ ልብስ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን እጅ እንጂ ዐይን አልሠራበትም። በየሳሎኑ የተዘረጋው ዳንቴል ሁሉ ጥበብ ነው የሚል አስተያየት ለሴቶቹ የተደረገ ክብር ይመስላል፤ ሳያዩ ማድነቅ ግን ሳያዩ ከመናቅ ብዙም አይሻልም።

በዚህ መመዘኛ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደውና በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ሠዓሊ፣ ቀለም በብሩሽ ከመቀባት ይልቅ ሸራን በክር መስፋት መረጠ። አዝራርና የጠርሙስ ቆርኪም አብሮ ሰፋ። በ2009 በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ የቀረበው ትርኢቱ «የመርፌ ዐይን፣ የልብ ዐይን» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርእስ ነበረው። ስለ እነዚህ ሥራዎች የተለመደው ምስጋና «የተጣለውን ጌጥ አደረገው» የሚል ነው፤ ይህ ግን ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው ነገር የለም። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ብሩሽ በአንድ ጉዞ የሚሸፍነውን ስፍራ መርፌ በብዙ መቶ ውጋት ይሞላዋል፤ እያንዳንዱ ውጋትም አቅጣጫ አለው። አንድ ዐይነት ቀለም ያላቸው ሁለት መስኮች የስፌታቸው ዝንባሌ ስለተለያየ ብቻ ብርሃንን በተለያየ መንገድ ይመልሳሉ። ጥላው ያለ ጥቁር ቀለም ይገኛል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በምዕራብ ሜክሲኮ ተራሮች የሚኖሩት የዊሻሪካ ሕዝቦች በሰም በተለቀለቀ ሳንቃ ላይ የሱፍ ክር በጣት እየተጫኑ ሥዕል ይሠራሉ። በዚያ ክሩ ላይ ላዩን ይተኛል፤ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም። የተሰፋ ሸራ ግን ጀርባ አለው፤ ቋጠሮው፣ መሻገሪያው፣ ክሩ ያለቀበትና ሌላው የተቀጠለበት ስፍራ ሁሉ በዚያ ተጽፏል።

ኤልያስ ስሜ ከ2009 ጀምሮ በያዘው «ጠባብ ገመድ» ሊባል በሚችለው ተከታታይ ሥራው ከክር ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ተሻግሯል። ከመርካቶ የሚሰበሰበው ባለቀለም ሽቦ እየተጎነጎነ በእንጨት ሳንቃ ላይ ይመታል። ዓለም አቀፍ ዝናን ያመጡለት እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ ከግዙፎቹ ሳንቃዎች አንዳንዶቹ የተሰፉትን ሸራዎች ያህል አይዙም። ሽቦው ብዙ ነው፤ ቀለሙ በፈለጉት መጠን ይገኛል፤ አረንጓዴው መስክ የሚቆመው ንድፉ ቁም ስላለው እንጂ አረንጓዴው ስላለቀ አይደለም። ከሩቅ ሲያዩት ከአየር ላይ የታየ እርሻ የሚመስለው ውበት አይካድም፤ ነገር ግን የቁራጭ ክር ሕግ ላልቷል። ከሕጉ ጋር የተደረገውን ትግል የሚፈልግ ተመልካች ከሰፋፊዎቹ ይልቅ ከትንንሾቹና ከተሰፉት ፊት ብዙ ይቆማል።

ጉዳዩ ለመምህራንም ይመለከታል። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ አንድ ቀለም አዲስ ክርና አንድ ንድፍ ለሁሉም ተማሪ ማደል የተለመደ ነው፤ ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ተመሳሳይ ሥራ ያስረክባል፤ ውጤት ለመስጠትም ይቀላል። በምትኩ ከየቤቱ የተለቃቀመ ክር በአንድ ከረጢት ቢቀርብና እያንዳንዱ የደረሰውን ይዞ ቢጀምር፣ የትኛው ቀለም እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማሰብ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ መምረጥ፣ መሃሉንና ዳሩን መወሰን ግድ ይሆናል። ይህ በሥዕል ትምህርት የቅንብር መጀመሪያ ነው፤ ወጪውም ከሞላ ጎደል ምንም ነው።

የትርኢት አዘጋጆችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። የክር ሥራ በመስታወት ተከድኖ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሰቀላል፤ በእጅ ሥራ ባዛር ላይ ሲሆን ደግሞ ያለ ሠሪዋ ስም ከዋጋው ጋር ይደረደራል። የሠሪዋ ስም ከሥራው አጠገብ ቢጻፍ፣ የተሰፋው ሸራም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከጣሪያ ቢንጠለጠል፣ ተመልካቹ ዞሮ ጀርባውን ለማየት፣ ቀዩ የት ላይ እንዳለቀና በምን እንደተተካ በገዛ ዐይኑ ለመከታተል ይችላል።