እናቲቱን አትግደሏት

ስለ በረንዳ አዳሪ ልጆች የምንጽፋቸው አጫጭር ልብ ወለዶች አንድ መንገድ ለምደዋል። እናት በመጀመሪያው ገጽ ትሞታለች፤ ልጁ በሁለተኛው ገጽ ከከዚራ ዛፎች ሥር ተኝቶ ይገኛል። ኧረ በመሀሉ ምን ሆነ?

ደራሲዎቻችን ሞት ይወዳሉ፣ በሽታ ግን አያውቁም። ሞት የአንድ ቀን ለቅሶ ነው፤ በሽታ የየዕለት ሂሳብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ቺኩንጉንያ እምብዛም አይገድልም። መገጣጠሚያን ግን ይዞ ያስቀምጣል፤ አንዳንዱን ለወራት። ቀፊራ ገበያ ተሸክማ የምታድር እናት ወገቧ እምቢ ካላት የዚያን ቀን እንጀራ የለም። መጀመሪያ የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ብድር ይመጣል፤ ከዚያ ልጁ ፌስታል ሊሸጥ ይወጣል። ማታ ማታ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን ባዶ እጁን መግባት ያፍርና እዚያው ያድራል። ታሪኩ ያለው እዚያች እፍረት ውስጥ ነው እኮ!

አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ባለው መጽሐፉ ገና ያልተወለደ ጽንስ አናግሮ ጥፋቱን ከኅብረተሰቡ ጫንቃ ላይ አኖረው። እኛ ከስንት ዘመን በኋላ «ጓደኛ አበላሸው» ብለን እናልፋለን። ይህ የአመለካከት ብቻ ሳይሆን የሴራም ጉድለት ነው፤ ውጤቱን አሳይቶ ምክንያቱን ይደብቃል።

ስለዚህ ጓደኞች፣ እናቲቱን አትግደሏት፤ አስታሟት። እናቱ በሕይወት እያለች ልጅ ለምን በረንዳ እንዳደረ መጻፍ ይከብዳል። መጻፍ ያለበት ግን እሱ ነው።